ከቤት ወደ ቤት በአየር፦ በሐዋሳ ሁለት ቤቶችን በአንድ ኢንተርኔት ማገናኘት

ሐዋሳ እየሰፋች ነው። እናትና አባት በድሮው ሰፈር፣ ልጅ ደግሞ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ በኩል አዲስ ቤት ሠርቶ የሚኖርበት ቤተሰብ ብዙ ነው። በድሮው ቤት ፋይበር ገብቷል። አዲሱ ሰፈር ላይ መስመሩ ገና አልደረሰም። በሞባይል ዳታ ብቻ ከቤት ሆኖ መሥራት፣ ልጆችን በኦንላይን ማስጠናት ኪስ ያራቁታል።

ሁለቱ ቤቶች ከተያዩ ግን ችግሩ ይፈታል። በእያንዳንዱ ጣሪያ ላይ አንድ አንቴና ይሰቀላል፣ አንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፣ የድሮው ቤት ኢንተርኔት በአየር ወደ አዲሱ ቤት ይሻገራል። መሬት መቆፈር የለም፣ በሰው አጥር ላይ ኬብል መጎተት የለም። እዚህ 3 ኪሎ ሜትር ርቀትን እንደ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ። የእናንተ 500 ሜትርም ሆነ 6 ኪሎ ሜትር አሠራሩ ያው ነው፤ ቁጥሮቹ ብቻ ይቀየራሉ።

ብዙ ሰው ቀድሞ ዕቃ ይገዛና በኋላ ጣሪያ ላይ ይወጣል። እባካችሁ ይህን ገልብጡት። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል አንድ ብር ሳይወጣ በፊት የሚያልቅ ነው።

ስለ ፈቃድ በአጭሩ

በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ልትጠቀሙበት ስላሰባችሁት መሣሪያና የሞገድ ክልል ጠይቁ። ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ጋር የፈረማችሁትን ውልም አንብቡ። የራስን ቤተሰብ ቤት ማገናኘት አንድ ነገር ነው፤ ለሰፈሩ እያከፋፈሉ ገንዘብ መሰብሰብ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ ነው። ይህ መመሪያ ለመጀመሪያው ነው።

ደረጃ 1፦ ሁለቱ ቤቶች ይተያያሉ?

የምንጠቀምበት 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኮረብታ አይዞርም፣ ፎቅ አይሰነጥቅም፣ በቅጠል ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል። ስለዚህ ከአንዱ አንቴና ቆማችሁ ሌላውን በዓይናችሁ ማየት መቻል አለባችሁ።

በመጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ጎግል ኧርዝን ክፈቱ። ሁለቱን ቤቶች ፈልጋችሁ ምልክት አድርጉባቸው፣ በመካከላቸው መስመር አስምሩ፣ ከዚያ የመሬቱን ከፍታ የሚያሳየውን ሥዕል አውጡ። አብዛኛው የሐዋሳ ከተማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሜዳ ስለሆነ መሬቱ ራሱ እምብዛም አያስቸግርም። የሚያሳስቡት ታቦርና አላሙራ ናቸው። መስመራችሁ ከሁለቱ በአንዱ ጥግ የሚያልፍ ከሆነ ሥዕሉ ወዲያው ያሳያችኋል፤ በተራራ ውስጥ የሚያልፍ መስመር ደግሞ አንቴና በማሳደግ አይታረቅም። በዚያን ጊዜ ያለው መንገድ ሁለቱንም ቤቶች የሚያይ የዘመድ ቤት ፈልጎ መሃል ላይ መቀባበያ ማቆም ነው። ወጪውም ሥራውም እጥፍ ይሆናል።

ጎግል ኧርዝ መሬቱን እንጂ ዛፉን በቅጡ አያሳይም። ሐዋሳ ደግሞ የዛፍ ከተማ ናት። በየመንገዱ ዳር ጥላ ዛፍ፣ በየግቢው አቮካዶና ማንጎ፣ አልፎ አልፎም ትልቅ ዋርካ አለ። ስለዚህ ጣሪያ ላይ መውጣት ግድ ነው።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ በየቤቱ አንድ። ስልክ ተደዋወሉ። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ደመቅ ስትል አንዱ መስታወት ይዞ ብርሃኑን ወደ ሌላው ቤት ያንጸባርቅ። 3 ኪሎ ሜትር ላይ የመስታወት ብልጭታ በግልጽ ይታያል። ብልጭታውን ካያችሁ መስመሩ ክፍት ነው። ደመና ከሆነ እስኪመሽ ጠብቁና ኃይለኛ የእጅ ባትሪ እያበራችሁ አጥፉ። ከጣሪያው ላይ ካልተያያችሁ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራችሁ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉት። ማዶ ያለው ሰው ጨርቁን ያየበት ቁመት የምሰሶአችሁን ርዝመት ይነግራችኋል። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለው ዘመድ ካላችሁ ተዋሱ።

እዚያው ቆማችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ በመስመሩ ላይ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የተከበበ ግንባታ አለ? ዛሬ ኮለኑ ብቻ የቆመ ሕንፃ በዓመቱ ጂ ፕላስ 4 ሆኖ ሊጋርዳችሁ ይችላል። ባዶ ቦታም ቢሆን ምን ሊሠራበት እንደታሰበ የሰፈሩን ሰው መጠየቅ አይከፋም። ሁለተኛ፣ የዛፉን የዛሬ ቁመት ብቻ አትዩ። በበጋ የሳሳ ዛፍ በክረምት ይደምቃል። በውኃ የራሰ ቅጠል ደግሞ ከደረቅ ቅጠል ይልቅ ሞገዱን አብዝቶ ይውጣል። ዝናቡ ራሱ በ5 ጊጋኸርዝና በ3 ኪሎ ሜትር ላይ ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «ዝናብ ሲዘንብ ይቆራረጣል» የሚል ሰው ስትሰሙ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው እርጥብ ቅጠል ወይም ውኃ የገባበት ኬብል ነው።

የሚያስቸግረው የጎረቤት ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ከሆነ ሂዱና በአክብሮት ጠይቁ። «ጋሼ፣ ይቺን ቅርንጫፍ ብናሳጥራት ይፈቅዱልናል? ሠራተኛውን እኛ እናመጣለን» ብትሏቸው ብዙ ሰው እሺ ይላል። ሳይጠይቁ መቁረጥ ግን ጉርብትናን ያበላሻል፤ ዛፉም ሐዋሳን ሐዋሳ ያደረጋት ነው። አጠቃላይ ዛፉ መቆረጥ ካለበት ምሰሶውን ሌላ ጥግ ላይ አቁሙት።

ደረጃ 2፦ በመስመሩ ዙሪያ ያለው ክፍት ቦታ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቤቶቹ ይተያያሉ፣ አንቴናው ውድ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን ይንፏቀቃል። ምክንያቱ ይህ ነው።

ሞገዱ በክር ቅጥነት አይሄድም። ጫፍና ጫፉ ቀጠን፣ መሃሉ ወፈር ያለ ቦታ ይይዛል፤ በእንዝርት ላይ እንደተጠቀለለ ድውር ነው። ይህ ቦታ የፍሬስኔል ዞን ይባላል። ዓይናችሁ በሁለት ጣሪያዎች መካከል በቀጭን ክፍተት ሊያይ ይችላል፤ ሞገዱ ግን ከክፍተቱ የሰፋ መንገድ ይፈልጋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ወስዳችሁ በጊጋኸርዝ ለተገለጸው ሞገድ አካፍሉት። የውጤቱን ስኩዌር ሩት አውጡ። በ8.66 አባዙት። የምታገኙት የዞኑ የመሃል ራዲየስ በሜትር ነው። ለ3 ኪሎ ሜትርና ለ5.8 ጊጋኸርዝ (የ5 ጊጋኸርዝ ክልል የላይኛው ክፍል) 6.2 ሜትር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 3.7 ሜትር ያህሉ፣ ነፃ መሆን አለበት። ለ1 ኪሎ ሜትር ራዲየሱ 3.6፣ ለ5 ኪሎ ሜትር 8 ሜትር ነው።

ወደ ሐዋሳ እናምጣው። በመስመሩ መሃል ያሉት ባለ አንድ ወለል ቤቶች ናቸው እንበል፤ የጣሪያቸው ጫፍ 5 ሜትር። 3.7 ስንጨምርበት መስመሩ መሃል ላይ ወደ 9 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ሁለቱም አንቴናዎች 9 ሜትር ላይ ይሰቀላሉ፣ ወይም አንደኛው ቤት ፎቅ ከሆነ አንዱ 12፣ ሌላው 6 ሜትር ይሆናል። መሃል ላይ ባለ 12 ሜትር ዛፍ ካለ ግን የሚያስፈልገው ከፍታ ወደ 16 ሜትር ይወጣል። ይህ ለግለሰብ ቤት ምሰሶ ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ከመግዛት በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ይሻላል። እንቅፋቱ ከመሃል ይልቅ ወደ አንዱ ቤት ሲጠጋ ግን ነገሩ ይቀላል። ከቤታችሁ 100 ሜትር ላይ ላለ ዛፍ የሚያስፈልገው ክፍተት 1.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

መስመራችሁ የሐይቁን ውኃ የሚያቋርጥ ወይም በዳርቻው የሚሄድ ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል። የረጋ ውኃ ሞገዱን ያንጸባርቃል። ቀጥታ የመጣውና ከውኃው ተንጸባርቆ የመጣው ሲገናኙ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። አንድ ሰዓት ጥሩ ሆኖ በሌላው ሰዓት የሚወርድ መስመር ምልክቱ ይህ ነው። መፍትሔው አንቴናውን የግድ ወደ ላይ መስቀል አይደለም። አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጉና ሞክሩ፤ ወይም ነጸብራቁን ሕንፃ ወይም የግቢ ዛፍ እንዲከልለው፣ ቀጥታው መስመር ግን ክፍት እንዲሆን ቦታ ምረጡ።

ደረጃ 3፦ ዕቃው

ለቤት ውስጥ የሚሆን ራውተር ለዚህ አይሆንም። የሚያስፈልጉት ሬዲዮና አንቴና አንድ ላይ የተሠሩባቸው፣ ውጭ የሚሰቀሉ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ገበያ ላይ ከሚታወቁት ውስጥ የቲፒ-ሊንክ «ሲፒኢ 510» 13 ዲቢአይ፣ «ሲፒኢ 610» 23 ዲቢአይ፣ የማይክሮቲክ «ኤልኤችጂ 5» 24.5 ዲቢአይ፣ የዩቢኪዊቲ «ሊትቢም 5ኤሲ ጄን 2» ደግሞ 23 ዲቢአይ ጉልበት አላቸው። ዲቢአይ አንቴናው ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ የማተኮር አቅሙ መለኪያ ነው። ሁለቱን ከአንድ ኩባንያና ከአንድ ሞዴል ግዙ። የተለያየ ኩባንያ ዕቃ ለማስማማት መታገል ጊዜ መግደል ነው።

የትኛው ይበቃል? በ3 ኪሎ ሜትር ላይ የ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገድ በባዶ አየር ብቻ 117 ዲሲቤል (የምልክት ጥንካሬ የሚለካበት) ያህል ይደክማል። ሬዲዮው በ20 ዲቢኤም (የመላኪያ ጉልበት መለኪያ) ቢልክና ሁለቱም አንቴናዎች 23 ዲቢአይ ቢሆኑ፣ 20 ሲደመር 46 ሲቀነስ 117 ይሆናል። ውጤቱ ከዜሮ በታች 51 ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ምልክቱ ስለሚጠነክር ይህ በጣም ጥሩ ነው። በ13 ዲቢአይ አንቴና ተመሳሳይ ስሌት ከዜሮ በታች 71 ያመጣል። ይሠራል፤ ግን ትንሽ ነገር ሲነካው ይዝላል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው። እስከ 1 ኪሎ ሜትር ትንሹ ይበቃል። ከዚያ በላይ ድስት (ሞገዱን የሚያተኩር እንደ ሳህን ጎድጓዳ ክፍል) ያለውን ትልቁን ግዙ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይቀነሳል። ትልቅ አንቴና ሌላም ጥቅም አለው፤ ጨረሩ ጠባብ ስለሆነ የጎረቤቶችን ዋይፋይ አይሰማም፣ እነሱንም አይረብሽም።

የቀረው ዝርዝር፦ ለውጭ የሚሆን ጥቁር ኔትወርክ ኬብል፣ የአርጄ 45 ጫፎች፣ የኬብል መቆንጠጫና ቴስተር፣ ጋልቫናይዝድ ቱቦ፣ ብሎንና ፊሸር፣ ናስትሮ፣ ሲሊኮን፣ ለመብረቅ መከላከያ የሚሆን የኔትወርክ ሰርጅ ፕሮቴክተር። ኬብል ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጣ ካለ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ተዉት። መብራትም በዚሁ ኬብል ስለሚሄድ አልሙኒየሙ ኃይል ያባክናል፣ ቶሎም ይሰበራል። የቤት ውስጡን ነጭ ኬብልም ውጭ አትዘርጉ። የሐዋሳ ፀሐይ ቆዳውን ይሰነጣጥቀዋል።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስማሙ

ጣሪያ ላይ ሆኖ ላፕቶፕ ይዞ መቼት መቀየር መከራ ነው። ሁለቱንም ሳሎን ውስጥ አገናኙና ሲሠሩ እዩ። በጣም አታቀራርቧቸው፣ ፊት ለፊትም አታድርጓቸው፣ የመላኪያ ጉልበታቸውንም ዝቅ አድርጉት።

ከዕቃው ጋር ኃይል የምትሰጥ ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። ሁለት ቀዳዳ አላት። ፒኦኢ የሚለው ወደ አንቴናው፣ ላን የሚለው ወደ ኮምፒውተሩ ወይም ራውተሩ ነው። እነዚህን አትቀያይሩ፤ ኃይል ያለበትን መስመር ላፕቶፕ ላይ መሰካት ወደቡን ሊያቃጥል ይችላል። ሳጥኖቹ በመልክ ቢመሳሰሉም ቮልቴጃቸው ይለያያል። ከዕቃው ጋር የመጣውን ብቻ ተጠቀሙ።

ከዚያ ለላፕቶፑ የኔትወርክ (አይፒ) አድራሻ ራሳችሁ ሙሉለት። ዩቢኪዊቲ ከፋብሪካ ሲወጣ በ192.168.1.20፣ ቲፒ-ሊንክ ሲፒኢ በ192.168.0.254፣ ማይክሮቲክ በ192.168.88.1 ይከፈታል። የላፕቶፑ የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች ከአንቴናው ጋር አንድ ይሁኑ፣ የመጨረሻው ብቻ ይለይ፤ ለምሳሌ ለዩቢኪዊቲ 192.168.1.50።

ዋናው መቼት የሚከተለው ነው። ኢንተርኔት ያለበት ቤት አንቴና «አክሰስ ፖይንት»፣ የሌላው ቤት «ስቴሽን» ይሁን። ሁለቱም በ«ብሪጅ» ይሥሩ። ደብሊውዲኤስ የሚል ምርጫ ካለ በሁለቱም ላይ ይብራ። አገር ሲጠይቃችሁ ኢትዮጵያን ምረጡ፤ ጉልበት ለመጨመር ብሎ የሌላ አገር መምረጥ ነውርም ሕገ ወጥም ነው። የቻናል ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ ተዉት። የቤት ፓኬጃችሁ ከ50 ሜጋቢት በታች ከሆነ ይበቃል፣ ጩኸትም (ከሌሎች ሬዲዮዎች የሚመጣ ረብሻ) ይቀንሳል። የይለፍ ቃሉ በደብሊውፒኤ 2 ይሁን፤ ረጅም አድርጉት። ፋብሪካው የሰጠውን የመግቢያ ስምና ቃልም ቀይሩ። በመጨረሻ ርቀት የሚጠይቅ ቦታ ላይ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉ፤ ለ3 ኪሎ ሜትር 3.5። አንሶ ከተሞላ ሬዲዮው የማዶውን መልስ ሳይጠብቅ ደግሞ ይልካል፣ ፍጥነቱም ይሞታል።

አድራሻዎቹን ለዩ። የድሮው ቤት ራውተር 192.168.1.1 ከሆነ፣ አንደኛው አንቴና 192.168.1.20፣ ሁለተኛው 192.168.1.21 ይሁን። ወረቀት ላይ ጻፉና የራውተሩ ጀርባ ላይ ለጥፉት።

ደረጃ 5፦ ምሰሶና ኬብል

ጥሩ በያጅ ፈልጉ። አንድ ኢንች ተኩል ወይም ሁለት ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ፣ ግድግዳ ላይ ቢያንስ በሁለት ቦታ በብሎን የተያዘ፣ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ከማሰሪያው በላይ ከ3 ሜትር ካለፈ በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጥሩት። ቱቦው ቀጥ ማለቱን በቱንቢ ወይም በውኃ ልክ አረጋግጡ። ያጋደለ ምሰሶ ላይ አንቴና ማነጣጠር ያታክታል።

አንቴናው ላይ የሚያርፈውንም አስቡ። በሐዋሳ አባ ኮዳ በየዛፉና በየጣሪያው አለ፤ ትልቁ እስከ 9 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። አሞራ ገደል አካባቢ ያለ ቤት ይህን በደንብ ያውቃል። ቱቦውን ከአንቴናው በላይ ግማሽ ሜትር አትርፉት፤ ወፏ ጫፉ ላይ ትቀመጣለች፣ አንቴናው ይተርፋል። የድስቱ ብሎኖች ጠበቅ ይበሉ።

ጥንቃቄ ላይ አትቸኩሉ። ምሰሶው ቢወድቅ የመብራት ሽቦ እንዳይነካ፣ ከሽቦው ያለው ርቀት ከምሰሶው ርዝመት ይብለጥ። ቆርቆሮ ላይ ስትራመዱ ምስማር በተመታበት መስመር ሂዱ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ዝናብ በነካው ጣሪያ ላይ አትውጡ። ብቻችሁንም አትውጡ።

ኬብሉ ከራውተሩ በሳጥኑ በኩል እስከ አንቴናው ድረስ በድምሩ ከ100 ሜትር አይብለጥ። በሁለቱም ጫፍ ቀለማቱ በዚህ ተራ ይሰለፉ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ከመውጣታችሁ በፊት በቴስተር ስምንቱንም ፈትኑ። አራተኛውና አምስተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ክር ብዙውን ጊዜ መብራቱን የሚያደርሱ ናቸው፤ አንዱ ከላላ አንቴናው እየጠፋ ይበራል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው በታች ወረድ ብሎ ይታጠፍና ይመለስ፤ ውኃው እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ቤት አይገባም። ቀዳዳውን በሲሊኮን ድፈኑ።

ደረጃ 6፦ ማነጣጠር

ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው። በየጣሪያው አንድ ሰው፣ በየቤቱ ደግሞ ስክሪን የሚያይ ሰው ቢኖር ሥራው ይቀላል። ካልሆነ በስልክ የሚከፈተውን የአንቴናውን ገጽ ጣሪያ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ።

የስልክ ኮምፓስን አትመኑ። ቆርቆሮና ብረት አጠገብ ይስታል። ከጎግል ኧርዝ ላይ መስመሩ የሚያልፍበትን የሚታይ ነገር ፈልጉ፤ የውኃ ታንከር፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ሚናራ፣ የታቦር ትከሻ። ድስቱን ወደዚያ አዙሩ። በ3 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ዲግሪ ብቻ መሳት ማለት ማዶ ላይ 50 ሜትር መሳት ነው። ትልቁ አንቴና ያለው የጨረር ስፋት ከ10 ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ በግምት ማዞር አይበቃም።

ብሎኖቹን ድስቱ በእጅ ግፊት እስኪዞር ድረስ ብቻ አላሉ። መጀመሪያ አንደኛውን አንቴና ባላችሁበት አቁሙት፣ ሁለተኛውን ብቻ አንቀሳቅሱ። ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሰፋ አድርጋችሁ። ትንሽ አዙሩ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው የምልክት ጥንካሬ ቁጥር እስኪረጋ ጥቂት ሴኮንድ ጠብቁ፣ ደግማችሁ አዙሩ። ከታች ያለው ሰው ይጣራል፦ «ትንሽ ወደ ሐይቁ! … ቆይ … አለፍከው፣ ተመለስ!» ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ከ70 ወደ 60 መውረዱ መሻሻል ነው።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ድስት አንቴና ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ ጨረሮች አሉት። በነሱ በአንዱ ስትገጥሙ ቁጥሩ ይሻሻልና ከዚያ ይበላሻል፤ «አገኘሁት» ብላችሁ ትቆልፋላችሁ። ስለዚህ ቁጥሩ መጀመሪያ የተሻሻለበትን ቦታ አልፋችሁ ሂዱ። ቁጥሩ የሚሻሻልበት ሦስት ቦታ ካገኛችሁ ትክክለኛው የመሃሉ ነው። አግድሙን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውንም እንዲሁ ፈልጉ። ከዚያ ይህን ቆልፉና ወደ መጀመሪያው አንቴና ተመለሱ፣ ያንንም እንዲሁ አድርጉ።

ያገኛችሁትን በደረጃ 3 ካሰላችሁት ጋር አወዳድሩ። ስሌቱ ከዜሮ በታች 51 ብሎ እናንተ 55 ወይም 57 ካገኛችሁ ግሩም ነው። 70 ካገኛችሁ አትቀበሉት፤ ወይ በጎን ጨረር ገጥማችኋል፣ ወይ መሃል ላይ የሚጋርድ ነገር አለ። ከምልክቱና ከጩኸቱ መካከል ያለው ልዩነት 25 ዲሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ጩኸቱ ከበዛ ቻናል ቀይሩ። የዕቃው የራሱ የሞገድ መቃኛ የትኛው ቻናል ባዶ እንደሆነ ያሳያል። አንዳንድ ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ሬዲዮው ራዳር የሰማ ሲመስለው በራሱ ቻናል ይለቅና መስመሩ ይቋረጣል። ያለ ምክንያት የሚቋረጥ ከሆነ ወደ 5.8 ጊጋኸርዝ ክልል ውሰዱት።

ብሎኖቹን ስትጠብቁ ድስቱ ሊንሸራተት ስለሚችል ቁጥሩን እያያችሁ አጥብቁ።

ደረጃ 7፦ ወደ ቤት ማስገባት

ይህኛው አጭር ነው። በአዲሱ ቤት ተራ ራውተር አምጡ። አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጉ፣ አድራሻ የማደል ሥራውን (ዲኤችሲፒ የሚለውን) አጥፉ፣ ከአንቴናው ሳጥን የመጣውን ኬብል ከላን ቀዳዳዎቹ በአንዱ ሰኩ። የዋን ቀዳዳው ባዶውን ይቅር። አድራሻ የሚያድለው የድሮው ቤት ራውተር ብቻ ነው። ሁለቱም ካደሉ ስልኮች ይገናኙና ኢንተርኔት አያገኙም። እናትና አባት ስልክ ሲያወሩ እንዳይቆራረጥባቸው ከፈለጋችሁ፣ በአዲሱ ቤት የሚወርደውን ፍጥነት በአንቴናው ላይ ገደብ አድርጉለት። ኢንተርኔቱ የነሱ ነውና ቅድሚያው ለነሱ ይገባል።

መብራትና መብረቅ

የድሮው ቤት መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ቤት ኢንተርኔት ያጣል፤ የአዲሱ ቤት ሲጠፋ ግን የሚያጣው አዲሱ ብቻ ነው። አንቴናው ግን የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው፤ 10 ዋት ገደማ ወይም ከዚያ በታች። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር አወር ባትሪ 84 ዋት አወር ይይዛል። ከግማሽ በታች ሳታወርዱት አንድ ባለ 8 ዋት አንቴናን አምስት ሰዓት ገደማ ያቆያል። ራውተሩንና የፋይበሩን ሳጥን ስትጨምሩ ጊዜው በዚያው ልክ ያጥራል። አነስተኛ ዩፒኤስም ይሠራል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ዕቃ ይገድላል፤ ስለዚህ ተራ ዲቫይደር ላይ አትተማመኑ፣ የቮልቴጅ መከላከያ ያለው ይሁን።

ምሰሶውን በመዳብ ሽቦ ከኧርዝ ጋር አገናኙ። የቤቱ ኧርዝ በሥርዓት መሠራቱን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ። የኔትወርክ ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ኬብሉ ወደ ቤት የሚገባበት ቦታ ላይ ይገባል፤ የሱም ሽቦ ከዚያው ኧርዝ ጋር ይያያዛል። ቀጥታ የወደቀ መብረቅን የሚያስቆም ዕቃ የለም። መብረቁ ሲቀርብ ከቻላችሁ ሳጥኑን ከሶኬቱም ከራውተሩም ንቀሉ።

በኋላ ሲዳከም

ሥራው ባለቀበት ቀን የሁለቱንም አንቴና ምልክት፣ ጩኸት፣ ቻናልና ፍጥነት ጻፉ። ፍጥነቱን በሁለቱ ቤቶች መካከል ለብቻው ለኩ። ኢንተርኔት ዝግ ሲል ጥፋቱ የአቅራቢው ነው ወይስ የአየሩ መስመር የሚለውን የምትለዩት በዚህ ነው። ከአዲሱ ቤት ሆናችሁ የድሮውን ራውተር ፒንግ አድርጉ፤ ፒንግ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ የሚመጣበትን ጊዜ የሚለካ የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። መልሱ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ውስጥ ሳይቆራረጥ ከመጣ መስመራችሁ ጤነኛ ነው፤ ወደ አቅራቢው ደውሉ።

ምልክቱ በድንገት በ10 ዲሲቤል ከወረደ ድስቱ ተንቀሳቅሷል፤ ወጥታችሁ አጥብቁ። በወራት ቀስ በቀስ ከወረደ ዛፍ አድጓል ወይም ሕንፃ ወጥቷል፤ መስታወታችሁን ይዛችሁ ጣሪያ ላይ ውጡ። ምልክቱ ያው ሆኖ ጩኸቱ ከጨመረ በአካባቢው ሌላ ሰው አንቴና ሰቅሏል፤ ቻናል ቀይሩ። አንቴናው ራሱን እያጠፋ የሚነሳ ከሆነ የኬብሉን ጫፍ ክፈቱ። አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ውኃ ገብቷል፤ ጫፉን ቁረጡና አዲስ ግጠሙ። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ሲሊኮኑን፣ ናስትሮውን፣ ብሎኑንና የወጠራችሁትን ሽቦ አንድ ጊዜ ፈትሹ።